ፍርድ ቤት የሰረዘው ቅጣት አሁንም በጣት አሻራ ማስረጃዬ ላይ ይወጣል

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ በ2008 ዓ.ም. የተፈረደብኝን የስድስት ወር ቀላል እስራት ፈጽሜ ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤቱ የመሰየም ውሳኔ፣ ማለትም የቀድሞ ፍርዴ እንዲሰረዝ የሚያደርግ ውሳኔ፣ ሰጥቶኛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 235 እንዲህ ያለው ፍርድ ከመዝገብ እንደሚሰረዝና ለወደፊቱ እንዳልነበረ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ለሥራ ቅጥር የጣት አሻራ ሰጥቼ ባወጣሁት ማስረጃ ላይ የቀድሞው ጥፋቴ ተጽፎ በመውጣቱ ቅጥሬ ታግዷል፤ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ልጆቼ እንኳ የማያውቁትን ጉዳይ የማላውቃቸው ሠራተኞች እየተቀባበሉ ማንበባቸው ነው። የውሳኔውን ግልባጭ ለመዝገብ ክፍሉ ባቀርብም «ትእዛዝ አልደረሰንም» ተብዬ ተመልሻለሁ። የማስፈጸሚያ ትእዛዝ የምጠይቀው ውሳኔውን ከሰጠው ፍርድ ቤት ነው ወይስ የግል ሕይወት መከበር መብትን በሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 እና በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የተለየ አቤቱታ ማቅረብ ይኖርብኛል? የቅጥሩ ቀነ ገደብ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ብቻ ስለቀረው፣ ተመሳሳይ ጉዳይ የያዛችሁ ሁሉ መንገዱን እንድታሳዩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።