የመስከረሙ የጤና እሁድ፦ ደብዳቤውን አብረን እናስተካክል

የእድሩ ጸሐፊ፦ እንደምን አመሻችሁ የአባዶ ጎረቤቶች። ለጤና ጣቢያው የምናስገባው ደብዳቤ እስከ አርብ ማለቅ አለበት። ረቂቁ «ስለ ልብ፣ ስለ ደም ዝውውርና ስለ ሰውነት መከላከያ በኮሙናሉ የ3 እሁድ ትምህርት» ይላል። ሐሳብ ጣል አድርጉ።

ብሎክ 14፦ ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ይሄ የክፍል ባዮሎጂ ነው። ልብ 4 ክፍል አለው፣ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል እያልን ስንዘልቅ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ ጉዳይ እንምረጥ። እኔ የልጆች ቶንሲል እላለሁ።

ብሎክ 9፦ ቶንሲልና ልብን ምን አገናኛቸው? ግፊት ይለካልን እንጂ።

ብሎክ 14፦ ይገናኛሉ እትዬ። የእህቴ ልጅ በ11 ዓመቷ ጉሮሮዋን አመማት፣ በ3 ቀን ተሻላት፣ ተረሳ። 3ኛው ሳምንት ላይ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲቀልላት ደግሞ ቁርጭምጭሚቷ። ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው ተባለና ቅባት ቀባናት። ከዓመታት በኋላ ወደ 4ኛ ፎቅ ስትወጣ 2ኛው ላይ የደረጃውን ብረት ይዛ መቆም ጀመረች። አንድ ክሊኒክ አስም ነው ብሎ መለሰን። የልብ አልትራሳውንድ ስትነሳ ነው ቫልቩ መጎዳቱ የታየው።

ሲስተር፣ ብሎክ 3፦ ሩማቲክ የልብ ህመም ይባላል። ጉሮሮ ላይ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ይገባል፤ ሰውነት እሱን ለመምታት የሚያመርተው መከላከያ፣ ባክቴሪያውና የልብ ቫልቭ በከፊል ስለሚመሳሰሉበት፣ የራሱን ቫልቭም ይመታል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ነው። እሱ አልዘጋ ሲል ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሲጠብም አያሳልፍም፣ ሳንባ ላይ ይጠራቀምና ትንፋሽ ያጥራል። የሚጀምረው በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው።

ብሎክ 9፦ አሃ፣ የግቢያችን ፓምፕ በይኛ! ያኔ ውሃ እንዳይመለስ የሚያደርገው ቫልቭ ሲበላሽ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ እኛ ጋ ጠብ አላለም። ይቺን ምሳሌ አስገቡልኝ።

ብሎክ 21፦ እንጥል ማስቆረጡም ይጻፍ። እኔ ራሴ ተቆርጫለሁ፣ ቶንሲሉ ግን መች ለቀቀኝ።

ሲስተር፣ ብሎክ 3፦ ልክ ነህ፤ ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው ትርፉ። ግን አደራ፣ ጉሮሮው የታመመ ሁሉ አንቲባዮቲክ ይዋጥ ብላችሁ እንዳትጽፉ። አብዛኛው የቫይረስ ነው፣ በራሱ ይድናል። ትኩሳት ካለ፣ ሳል ከሌለ፣ አንገት ሥር ንፍፊት ከወጣ ልጁ ይመርመር። ባክቴሪያው ከሆነ በ9 ቀን ውስጥ የተጀመረ ፔኒሲሊን ልብ ድረስ እንዳይዘልቅ ያደርጋል። ልቡ የተነካ ልጅ ግን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት መርፌ መወጋት አለበት፤ ተሻለኝ ብሎ የሚያቋርጠው ነው የሚያሳስበኝ።

የእድሩ ጸሐፊ፦ በቃ፣ ርዕሱ «የልጅ ጉሮሮና ልቡ» ይሁን። 3 እሁድ የሚለው ወደ 1 ወርዷል፤ ግፊትም በሩ ላይ ይለካል። ለመሆኑ የኮሙናሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ከለቅሶው ወዲህ አላየሁትም።

ብሎክ 21፦ ከድንኳኑ ጋር እኔ ቤት ነው ጋሼ፣ ነገ አመጣለሁ።