የዕቅድ ውይይት፦ በይርጋ ላይ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ (ተናጋሪዎቹ በየከተማቸው ስም ተጠርተዋል)

ሰብሳቢው (ደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ። ፍርድ ቤቶች ከክረምቱ ዕረፍት ሳይመለሱ ጽሑፉን ጨርሰን ብንልከው ደስ ይለኛል። መነሻችንን ታውቁታላችሁ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ፍርድ ቤትና ልዩ ዐቃቤ ሕግ እንዲቋቋሙ ይላል፤ እኛም የሚቋቋሙበት ሕግ ስለ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ ክስ ስለማይቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በግልጽ እንዲናገር እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ረቂቃችን «በልዩ ፍርድ ቤቱ የሚታይ ወንጀል ሁሉ በይርጋ አይታገድም» ይል ነበር። ሞጣ አልተስማማችም። እስቲ ምክንያቷን እንስማ።

ሞጣ
ጋሼ፣ የተጣላሁት «ሁሉ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ይርጋ የማያግዳቸውን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ለይቶ አስቀምጧል፤ የሰው ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት እርምጃ መውሰድ፣ ሰውን አስገድዶ መሰወር፣ ኢሰብአዊ ድብደባ። እነዚህ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም። የቀረው ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 217 ይቆጠራል፤ እንደ ቅጣቱ ክብደት ከ3 እስከ 25 ዓመት። ቆጠራው ያለቀበትን ሰው ዛሬ ሕግ አውጥተን «ና፣ ገና አልጨረስንም» ልንለው ነው?

ቡሬ
ልጄ፣ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ብሎ ላደገ ሰው ይርጋ ድሮም አይዋጥለትም። ሰው ገድሎ ሃያ ዓመት ቆላ የከረመ ሲመለስ የሟች ወንድም አንቀጽ አይቆጥርለትም። ሽማግሌ ገብቶ ደም ካላደረቀ መንደሩ አይተኛም። በዐቃቤ ሕግነት ዕድሜዬን የጨረስኩት ይሄንን እያየሁ ነው። ወተት ይርጋ፤ ደም ግን አይረጋም። «ሁሉ» ትቆይ።

ሞጣ
ደምም እኮ ይረጋል ጋሼ።

ባሕር ዳር
ሁለታችሁ የያዛችሁት ክርክር አውሮፓን ሦስት ዓመት ያህል አከራክሯል። የጉዳዩ ስም «ታሪኮ» ነው (ታሪክ አይደለም፣ የተከሳሽ ስም ነው)። ነገሩ የሻምፓኝ ንግድ ነው። ኩኔኦ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተጨማሪ እሴት ታክስ በማጭበርበር የተከሰሱ ሰዎች ነበሩ። የጣሊያን ሕግ ይርጋው ቢቋረጥም (ቆጠራው እንደ አዲስ ቢጀምርም) በጠቅላላው ከአንድ አራተኛ በላይ እንዲረዝም አይፈቅድም ነበር፤ ስለዚህ ክሱ ሦስቱን የፍርድ ደረጃ ሳይጨርስ ጊዜው ያልቃል። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 222 የመጨረሻውን ጣሪያ የመደበኛው እጥፍ ስለሚያደርገው፣ ጣሊያኖቹ እኛ ዘንድ ቢከሰሱ ይህን ያህል አይመቻቸውም ነበር።

ዳኛው ሉክሰምበርግ ያለውን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጠየቀ። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2015 መጣ፦ ደንቡ ኅብረቱን የሚጎዱ ከባድ ማጭበርበሮችን በብዛት ያለ ቅጣት የሚያስቀር ከሆነ ወደ ጎን ተወው። የጣሊያን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ግን ዝም አላለም። «በእኛ አገር ይርጋ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ሳይሆን የወንጀል ሕጉ አካል ነው፤ ተከሳሹ ድርጊቱን ሲፈጽም ያልነበረ ደንብ አይጫንበትም» ሲል በ2017 ጥያቄውን መልሶ ላከ። ሉክሰምበርግ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለዘብ አለ፤ ይህን የሕጋዊነት መርህ የሚጥስ ከሆነ ደንቡን ወደ ጎን መተው አያስፈልግም አለ። በ2018 ሮም «እንግዲያውስ እኛ ዘንድ አይሠራም» ብላ ዘጋችው። የላይኛው ፍርድ ቤት ሐሳቡን ያለሰለሰው የታችኛው ስላመፀ አይደለም፤ ምክንያቱን ጽፎ መልሶ ስለጠየቀ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የስትራስቡርጉ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በቤልጂየም ጉዳይ ገና ያላለቀን ይርጋ በአዲስ ሕግ ማርዘም ወደ ኋላ በሚሠራ የወንጀል ሕግ መቅጣትን የሚከለክለውን መርህ አይጥስም ብሏል። ስለዚህ ለቡሬም ለሞጣም የሚሆን መስመር አለ፤ ያላለቀው ይረዝማል፣ ያለቀው አይነሣም።

ፍኖተ ሰላም
ጥሩ፤ ግን የእኛ «ሉክሰምበርግ» የት ነው? አሩሻ ያለውን የአፍሪካ ፍርድ ቤት እንዳትሉኝ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ፍርድ ቤትን ፕሮቶኮል ፈርማለች፣ አላጸደቀችም። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት አባልም አይደለችም። ረቂቁ ላይ «በአህጉራዊ ፍርድ ቤቶች መሠረት» የሚለው ሐረግ ባዶ ጆንያ ነው፤ ይውጣ።

ባሕር ዳር
ልክ ነህ። ምሳሌ ካስፈለገ የቀድሞውን የቻድ ፕሬዚዳንት የሂሴን ሃብሬን እንጥቀስ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሴኔጋልን «በኋላ ባወጣሽው ሕግ፣ በራስሽ ተራ ፍርድ ቤት አትዳኝው» አላት። ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ልዩ ችሎት ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እኛ ዘንድ ግን ቅርቡ መንገድ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 84 ነው። ዳኛ የሕገ መንግሥት ጥርጣሬ ሲገጥመው ወደ ሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ይልካል፣ ከዚያ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት። የእኛ «መልሶ መጠየቅ» እሱ ነው።

ዳንግላ
ይቅርታ፣ እኔ ከሉክሰምበርግ ላወርዳችሁ ነው። አምና የያዝኩት የድብደባ መዝገብ ነበር። ቅጣቱ ከአንድ ዓመት ቀላል እስራት ስለማይበልጥ ይርጋው 3 ዓመት ነው። ክሱ 11 ቀን አልፎ ቀረበ። በመሃል የፖሊስ መጥሪያ ነበረ፤ መጥሪያ ደግሞ ይርጋን ያቋርጣል፣ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተን አየነው። ሐምራዊው ማኅተም ልክ ቀኑ ላይ አርፏል፤ «ሰኔ» ይነበባል፣ ቁጥሩ የለም። መዝገቡ ተዘጋ። የተደበደበችው ሴትዮ ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ «ቀኑን እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አለችኝ። ረቂቁ ስለዚህ አንዲት መስመር የለውም።

ቡሬ
ይሄስ እውነት ነው። ስንቱ መዝገብ እንዲህ ቀርቷል!

ሰብሳቢው
እንግዲህ «ሁሉ» ወጣች። አንደኛው ነጥብ የአንቀጽ 28 ወንጀሎች ብቻ በስማቸው ይጠቀሱ የሚል ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሌሎቹ ላይ ጊዜው ያላለቀ እንጂ ያለቀ ይርጋ አይነካም፤ ክርክር ከተነሣ ችሎቱ ጉዳዩን አቆይቶ ወደ አጣሪ ጉባኤ ይላክ። ሦስተኛው የዳንግላ ነው፤ ይርጋ የሚያቋርጥ እያንዳንዱ እርምጃ ቀኑ በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ፣ ከመዝገቡ ፊትም በዝርዝር ይታሰር። ሞጣ ትጽፈዋለች፣ ባሕር ዳር አንቀጾቹን ያመሳክራል።

ቡሬ
ሦስተኛው ላይ ፈርሜአለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን የልዩነት ሐሳቤ ይያዝልኝ።

ሰብሳቢው
ይያዛል ጋሼ። በግማሽ ገጽ ይጻፉትና እስከ ዐርብ ይላኩልኝ።