ልጄ ማየርስ ሆል የሚባል የተማሪ ማደሪያ ደረሳት፤ የዚህን ቤት ታሪክ የምታውቁ?

የቤቲ እናት፣ ከክላርክስተን፦
ሰላም ቤተሰብ። ልጄ ዘንድሮ አቴንስ፣ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ገባችልኝ። ተመስገን ነው። ዕቃዋን ልናደርስ የሄድን ቀን ባለ ሦስት ዓምዱ የብረት በር ጋ ደረስን። እኔ በሥሩ ሳልፍ እሷ በጎን ዞረች። «እማ፣ ተማሪ ሳይመረቅ በዚህ ካለፈ አይቀናውም» አለችኝ። ፈረንጅም ገድ ያያል ለካ! ከበሩ ኋላ ያለው ሕንፃ ስሙ ሆልምስ-ሃንተር ነው። ማን ናቸው ብላት «የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች» ብላ ዝም። ጆርጂያ 20 ዓመት ኖሬ አለማወቄ አሳፈረኝ። ነገሩ እንዴት ነበር?

ጡረተኛው፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔም እዚያው ነው የተማርኩት።

ሃሚልተን ሆልምስና ቻርሊን ሃንተር የአትላንታ ልጆች ናቸው፣ ከአንድ ሃይስኩል። እሱ ከክፍሉ አንደኛ፣ እሷ ሦስተኛ። በ1959 አመለከቱ። «ማደሪያ ሞልቷል» ተባሉ። ደግመው ቢጠይቁም ያው ነው። ያኔ ግዛቱ ደጁን ከሚከፍት ይልቅ ጥቁር ተማሪ ሌላ ግዛት ሄዶ እንዲማር ገንዘብ ይደጉም ነበር።

ተካሰሱ። ከጠበቆቻቸው አንዱ ሆራስ ዋርድ ነው፤ ቀደም ሲል ራሱ እዚያው ሕግ ሊማር አመልክቶ የተከለከለ ሰው። ከታሪኩ ሁሉ አንጀቴን የሚያርሰኝ ይሄ ነው። ዳኛ ቡትል ጃንዋሪ 6፣ 1961 ፈረዱላቸው፤ ሰኞ ዕለት ተመዘገቡ።

ረቡዕ ማታ ከቅርጫት ኳስ ጨዋታ በኋላ ሕዝቡ ማየርስን ከበበ። አዎ፣ የልጅሽን ማደሪያ። ጡብና ጠርሙስ በቻርሊን መስኮት ገባ። ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኮሰ። ታዲያ ማን ቢታገድ ጥሩ ነው? ሁለቱ! «ለደኅንነታችሁ» ተብለው በዚያው ሌሊት ወደ አትላንታ ተወሰዱ። ከ400 በላይ መምህራን ይመለሱ ብለው ፈረሙ፤ ፍርድ ቤትም አዘዘና ተመለሱ።

ግን መመለስ ሌላ፣ መኖር ሌላ። ቻርሊንን ምድር ወለሉ ላይ ለብቻዋ ነበር ያስቀመጧት፤ ሌሎቹ ሴቶች በሙሉ ከላይ። ማታ ማታ ተራ ገብተው ወለሉን በእግራቸው ይደልቁባት ነበር። ጡቡ የአንድ ሌሊት ነው። እኔ የማስበው ያንን ጣሪያ ነው።

ነርሷ፦
ዶክተር ሆልምስ ከዚያ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ገቡ፤ እዚያም የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ናቸው። በ1967 ተመርቀው የአጥንት ሐኪም ሆኑ፤ በኋላም የግሬዲ ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር።

ዘማሪው፦
ሜሪ ፍራንሲስ ኧርሊን ረሳችኋት እኮ! ከጥቁሮቹ ቀድማ ከዚያ የተመረቀችው እሷ ናት፤ በ1962፣ በሙዚቃ ትምህርት ማስተርስ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጀመረችውን ትታ ነው የመጣችው፣ ያውም ያንን ረብሻ ካየች በኋላ! በ2020 የትምህርት ኮሌጁን በስሟ ሰየሙት።

የቤቲ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደወልኩላት። «ከአንቺ በላይ ማን ነው ያለው?» አልኳት። «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው? ከላይ ያሉት ልጆች ናቸዋ፤ ትናንት ማይክሮዌቭ አውሰውናል» አለችኝ።