ወጨጫን መንገድ በሌለበት፣ በጫካው በኩል የወጣ አለ?

የዓለም ባንኳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈሬ አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ነው። ጠዋት ቡናዬን ይዤ በረንዳ ላይ ስወጣ ከፊቴ ያለው ወጨጫ ተራራ ነው። ክረምቱን ጉም ለብሶ ይከርማል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ታጥቦ እንደተሰጣ ጋቢ ጥርት ብሎ ይታያል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አየሁት። ዘንድሮ ግን ጫፉን እረግጣለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከወንድሜና ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር በመናገሻ ሱባ ደን በኩል ሞከርን። ከፍለንና አስፈቅደን ነው የገባነው። መንገዱ እስካለ ድረስ ደስ ይላል። ጽዱ ቀና ብለህ ስታየው አንገት ያማል። ጉሬዛው ነጭ ጭራውን እያንዠረገገ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ከዚያ መንገዱ ጠበበ፣ የከብት ዱካ ሆነ፣ በመጨረሻም ጠፋ። ጫፉ በቅጠሎቹ መሀል ይታየናል፤ ቅርብ ይመስላል። "ቀጥ ብለን እንውጣ" ተባባልንና ጥሻው ውስጥ ገባን።

ሁለት ሰዓት ታግለን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የሄድን አይመስለኝም። ሳማው የባልደረባዬን እጅ እስከ ክርኗ አሳበጠው። ቀጋው የወንድሜን ሹራብ ተረተረው። ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስን። ማታ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳለቅስ ነበር፤ ከድካሙ ይልቅ የቆጨኝ መመለሴ ነው።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። በዚያ ጥሻ ሰው እንዴት ነው የሚያልፈው? ገጀራ መያዝ አለብን? ሳንጠፋስ እንዴት እንመለሳለን?

ተራራ ወዳጅ፦

እህቴ በርቺ! እኛ የረርን ስንወጣ አንድ ገጀራ ይዘን ነበር፤ በጣም ጠቅሞናል። ዛፉ ላይም በቀለም ምልክት እያደረጋችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ አትጠፉም።

የሱባ ልጅ፦

ወንድሜ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄን ምክር አልቀበለውም። እኔ እዚያ ደን ሥር ነው ያደግኩት። ለተወሰነ ጊዜም እንግዳ እየመራሁ ሠርቻለሁ። ሱባ ጥብቅ ደን ነው። የጽዱ ዘር በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን መጥቶ እንደተተከለ ከአባቶቻችን ሰምተናል። ይሄን ያህል ዘመን የቆየ ነገር ላይ ገጀራ አይነሳም።

ሌላም ነገር አለ። አንቺ በገጀራ የከፈትሽው ቀዳዳ ከአንቺ ጋር አይዘጋም። በሳምንቱ ከብት ይገባበታል። በወሩ እንጨት ቆራጭ መጥረቢያውን ይዞ ይከተለዋል። ሁለት ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ የሚያሾልክ ነበር፤ ዛሬ አህያ ጭነት ይዞ ይወጣበታል። ቀለምም ያው ነው፤ አይለቅም። ምልክት ካስፈለገ ደማቅ የጨርቅ ቁራጭ ቅርንጫፍ ላይ እሰሩ። ስትመለሱ አንድ ሳይቀር ፈትታችሁ ውሰዱ።

ጥሻ በእጅ ገለጥ ተደርጎ፣ ጎንበስ ተብሎ፣ አንዳንዴም ዞር ተብሎ ነው የሚታለፈው። ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ጠንካራ ሸሚዝ፣ ወፍራም ሱሪ። ሹራብ አይሆንም፤ እሾህ ይይዘዋል። ሳማ ከነካሽ ደግሞ አታሺው። ቱልት ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገቡ ይበቅላል። ቅጠሉን ጨምቀሽ ውሃውን ቀቢው፤ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የሰበታው፦

የሱባ ልጅ ያለው በሙሉ ልክ ነው። እኔ ስለ መመለሱ ልጨምር። ምክንያቱም እህቴ ያነሳሽው ሦስተኛ ጥያቄ ነው ዋናው፤ ብዙ ሰው ግን ጫፉን ብቻ ያስባል።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ነው። በልግ ነበር፤ መጋቢት። ሦስት ጓደኛሞች ከሰበታ ተነስተን ወጣን። ሰባት ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ነበርን። ጭብጧችንን በላን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሣሩ ላይ ተጋደምን። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን ስንነሳ ጉሙ መጣ። አመጣጡ እንዴት ያስፈራል! መጀመሪያ እግራችን ሥር ያለው ሸለቆ ጠፋ። ቀጥሎ አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ ጃኬቱ ብቻ ቀረ። "ምን ችግር አለው፣ ቁልቁል መውረድ ነው" አልን።

ስህተቱ እሱ ነበር። ተራራ ስትወጪ ሸንተረሩ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባል። ትንሽ ብትስቺም ጫፉ ራሱ ይስብሻል። ስትወርጂ ግን ይበታተናል። ላይ አሥር እርምጃ ወደ ቀኝ ያልሽ እንደሆነ ታች ስትደርሺ ሌላ ወረዳ ነሽ። እኛ ወደ ሰበታ የወረድን መስሎን በምዕራብ በኩል ወደ ሱባ ጫካ ገባን። ከዚያ ደግሞ "ውሃ የተከተለ ሰው ቤት ይደርሳል" ብለን ወንዙን ያዝን። ይሄን ምክር ማንም ቢነግርሽ አትስሚ። ውሃው ገደል ላይ ደርሶ ይዘላል፤ ሰው አይዘልም። ሸለቆው ውስጥ ጥሻው እጥፍ ነው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጨለማውም ቶሎ ይገባል።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እጄን ዘርግቼ ጣቴን አላየውም ነበር። አንድ ትልቅ ኮሶ ሥር አደርን። የዛፍ ሽበቱ ፊታችን ላይ ተንጠልጥሎ ጠል ያንጠባጥብብናል። የኮሶው ልጥ እየተላላጠ ትከሻችን ላይ ይረግፋል፤ እስካሁን ሽታው ትዝ ይለኛል። ጅቡ ሌሊቱን ሁሉ ይጮህ ነበር። አንደኛው ጓደኛዬ ብርድ መትቶት መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሀላችን አስገብተን አቀፍነው። ሲነጋ አንድ እረኛ ልጅ አገኘን። እናቱ አሬራ በጣሳ ሰጠችን። እኔ ቤት ስደርስ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ነው ያደረችው።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ጊዜ ወጥቻለሁ። አንድም ቀን አልጠፋሁም። የማደርገውን ልንገርሽ።

ሸንተረር ላይ እንጂ ሸለቆ ውስጥ አልሄድም። ጥሻ ጥሼ በወጣሁ ቁጥር ዞር ብዬ የመጣሁበትን አያለሁ። መንገድ ሲሄዱበትና ሲመለሱበት መልኩ አንድ አይደለምና። የወደቀ ዛፍ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ ብቻ አንድ ነገር በዓይኔ እይዛለሁ። ስልኬ ላይ ካርታውን ቀድሜ አውርጄ የሄድኩበት መስመር እንዲቀዳ አደርጋለሁ። ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ጂፒኤሱ ከሳተላይት ነው የሚሠራው። በኤሮፕሌን ሞድ ካደረግሽው ባትሪውም ይቆያል። ፓወር ባንክና የራስ ባትሪ ግን አይቀሩም።

ዛፎቹም ራሳቸው ይነግሩሻል። ታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ነው። ከፍ ስትዪ ኮሶው ይመጣል። አምጃውንና አስታውን ስታዪ ጫፉ ቀርቧል ማለት ነው። እዚያ ጋ ግን ጉልበት አትጨርሺ። አስታው ቅርንጫፉ ደረቅና ብርቱ ነው፤ እንደ ሽቦ ይጠላለፋል። ከፊት ያለው ሰው የገፋውን ቅርንጫፍ ሲለቀው ከኋላ ያለውን ዓይኑን ይመታዋል። ስለዚህ በመሀላችሁ ሦስት አራት እርምጃ ተዉ፤ መነጽርም አድርጉ። ወጨጫ ወደ 3,385 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ሰውም ቢሆን እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

የመጨረሻው፣ ሰዓት ነው። የትም ድረሺ የት ሰባት ሰዓት ሲሆን ተመለሺ። አንቺ ስምንት ሰዓት ላይ መመለስሽ ሊቆጭሽ አይገባም። እኔ ብሆን እንዲያውም አንድ ሰዓት ቀድሜ ነበር የምመለሰው።

የዓለም ባንኳ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእናትዎን ነገር ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔም ያን ቀን ለእናቴ የት እንደምሄድ አልነገርኳትም ነበር። ከእንግዲህ በየት በኩል እንደምወጣና ስንት ሰዓት እንደምመለስ ጽፌ ነው የምተውላት።

የሱባ ልጅ፣ ገጀራውን ነገር ተቀብያለሁ። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በዚያው በጀመርነው በኩል ደግመን እንሞክር ወይስ ሌላ መግቢያ ይሻላል?

የሰበታው፦

ልጄ፣ መጀመሪያ በጫካው በኩል አትውጪ። በሰበታ በኩል ውጪ። እዚህ ደኑ ሳስቷል፤ እርሻና ባህር ዛፍ ነው የሚበዛው። ሰው አለ፣ ዱካ አለ። ጫፉ ላይ ቆመሽ ወደ ሱባ በኩል ወደ ታች ተመልከቺ። የትኛው ሸንተረር ሳይቆረጥ እስከ ላይ እንደሚደርስ፣ የትኛው ገደል ላይ እንደሚቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከታች ሆነሽ ዓመት ብትፈልጊ የማታገኚውን ከላይ በአሥር ደቂቃ ታገኚዋለሽ። ፎቶ አንስተሽ ያዢው። በሌላ ቀን በጫካው ስትመጪ የምትይዢው ሸንተረር እሱ ነው።

የሱባ ልጅ፦

ልክ ነው። በጫካው በኩል ስትመጪ ደግሞ የአካባቢውን ሰው ይዘሽ ግቢ። የጊዜውን ሁኔታም ከመነሳትሽ በፊት እዚያ ካለ ሰው ጠይቂ። ኦሮምኛ ባትችዪም "አካም ጅርቱ" ብለሽ ሰላም በዪ፤ ያን ጊዜ ሰው መንገዱን ከልቡ ያሳይሻል። የመንደሩን ውሻም እነሱ ናቸው የሚይዙልሽ።

የዓለም ባንኳ፦

ጨርሻለሁ! ኅዳር ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ በሰበታ በኩል። ከአየር ጤና በአስራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር፣ በሶ፣ ዳቦና ብርቱካን። የባልደረባዬ እጅ የዳነው ገና አሁን ነው፤ ግን "ያለ እኔ አትሄዱም" ብላለች። ጓንት ገዝቼላታለሁ።

የሰበታው፦

ሰበታ ስትደርሱ ደውሉ፤ ስልኬን በውስጥ ልኬልሻለሁ። ጉልበቴ እስከ ጫፉ ባያደርሰኝም እርሻው እስኪያልቅ ድረስ አብሬያችሁ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ የትኛውን ሸንተረር እንደምትይዙ በእጄ አሳያችኋለሁ።