ለጊደር የእድገት ሆርሞን መርፌ ያዋጣል?

ጥያቄ (ሐዋሳ፣ ታቦር)
የ6 ወር የፍሪዥያን ዲቃላ ጊደሮች አሉኝ። የእድገት ሆርሞን ቢወጉ ቶሎ ይደርሳሉ፣ ሲወልዱም ወተታቸው ይበዛል ተባልኩ። እውነት ነው? የሚበሉት ድርቆሽና በቀን 1 ኪሎ ፉርሽካ ነው።

መልስ 1
ቢ.ኤስ.ቲ የሚባለውን የከብት የእድገት ሆርሞን አሜሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ለምትታለብ ላም ነው፤ ከወለደች ከሁለት ወር ገደማ ጀምሮ በየ14 ቀኑ 500 ሚሊግራም። ለጊደር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረትና ካናዳ ለላምም አልፈቀዱትም።

ጊደር ላይ ሲሞከር የቀን ጭማሪዋ በመጠኑ ያድጋል፤ የሚጨምረው ሥጋና አጥንት ነው፣ ስብ ይቀንሳል። ኮርማ ሳትፈልግ በፊት ከተሰጣት ወተት የሚያመነጨው የጡት ሕዋስም ይበዛል። ከወለደች በኋላ ያለው ወተት ግን በየሙከራው እኩል አልጨመረም። ኮርማ የምትፈልግበትን ዕድሜም እምብዛም አያስቀድመውም።

መልስ 2
ዋናው ችግር መኖው ነው። ሆርሞኑ የሚሠራው በአብዛኛው ጉበት አይ.ጂ.ኤፍ-1 የሚባል ሌላ አሳዳጊ ሆርሞን እንዲያመነጭ በማዘዝ ነው። መኖ ያጠራት ጊደር ደም ውስጥ የራሷ የእድገት ሆርሞን ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ጉበቷ ስለማይቀበለው ግን አታድግም። በላዩ መርፌ መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው።

65 ኪሎ ፉርሽካ፣ 32 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 2 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 1 ኪሎ ጨው ቀላቅሉ። ፉርሽካ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የለውም ለማለት ይቻላል፤ ኖራውን አትተዉ። በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ እያላችሁ በቀን ለአንዷ 2 ኪሎ አድርሱ፤ ድርቆሹ እንዳይቋረጥ። በቀን ከ500 እስከ 700 ግራም ከጨመረች ይበቃል። በዚህ ዕድሜ ከዚያ አብልጦ ማወፈር ጡቷን በስብ ይሞላዋል፣ ወተት አመንጪውን ሕዋስ ያሳንሰዋል።

መልስ 3
የብልቃጡን ጽሑፍ አንብቡ። ኦክሲቶሲን ከሆነ ወተት ማውረጃ ነው፣ አያሳድግም። ቴስቶስትሮን ወይም ትሬንቦሎን የሚባል የወንዴ ዓይነት ሆርሞን ካለበት የሥጋ ከብት ማድለቢያ ነው፤ ለእርባታ የምትቀር ጊደርን የመራቢያ ዑደት ያዛባል። መኖ ላይ የሚነሰነስ ዱቄት ከሆነ ደግሞ የእድገት ሆርሞን ሊሆን አይችልም፤ ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ ውስጥ ይፈጫል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ሚዛን የለኝም፤ ክብደቷን በምን ልወቅ? መቼስ ላስጠቃት?

መልስ 2
በሜትር ከፊት እግሯ ኋላ የደረቷን ዙሪያ በሳንቲሜትር ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ባለው ርዝመት አባዙት፣ ለ10,840 አካፍሉት። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 115 ሳንቲሜትር ከሆነ 208 ኪሎ ገደማ ናት። በየወሩ ጠዋት፣ ሳትበላና ውኃ ሳትጠጣ ለኩ። እናቷ 450 ኪሎ ከሆነች ከ250 እስከ 270 ኪሎ ስትደርስ ትጠቃ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ምጡ ይከብዳታል።