ላሚቱ በሰማይ፣ እረኛው በምድር፦ የወደብ ጠባቂ ተጠባባቂ ያስፈልገናል?

ሸዋ በር፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረበ አንድ እንግዳ «የቀድሞ ባሕርተኞችንና በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችን አሰባስበን፣ ወደብ የሚጠብቅና ጠረፍ የሚቃኝ የባሕር ኃይል ተጠባባቂ ክፍል ከወዲሁ እናቋቁም» አለ። አዘጋጁ «የትኛውን ወደብ?» ብሎ ይጠይቀዋል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። «ግሩም ሐሳብ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ገባ። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል እስከ ዛሬ የምናውቀው ላሚቱን ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ እረኛ ልንቀጥርላት ነው።

አዋሽ ማዶ፦
እረኛው ቀድሞ ሥራውን ቢለምድ ምን ይጎዳሃል? «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ሲባል መኖር አልሰለቸህም? ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም የተነገረው በ2010 ነው። በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። በዚህ ላይ ተጠባባቂ ቢጨመር ምኑ ያስቆጣል?

ሸዋ በር፦
የሚያስቆጣኝ ቃሉ ነው። ተጠባባቂ ማለት የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ነው። ይኼኛው ምን ይጠብቃል? መርከብ እስኪገዛ ይጠብቃል፣ ባሕር እስኪገኝ ይጠብቃል፣ ወር እስኪሞላ ደመወዝ ይጠብቃል።

ኖርፎክ፦
ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። እዚህ ቨርጂኒያ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ተጠባባቂ ውስጥ ስምንት ዓመት ያገለገልኩት በዚሁ በምትስቁበት ሥራ ላይ ነው። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት፣ ሲጠሩን ደግሞ ለወራት። በቀረው ጊዜ ሁላችንም ሌላ እንጀራ አለን፤ እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፣ ተረኛ ባልደረባዬ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር።

ወደብ ጥበቃ ሲባል መድፍ የደገነ መርከብ የሚታያችሁ ከሆነ ነገሩን አታውቁትም። በመኪና ላይ የተጫነ መስኮት አልባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትገባለህ፣ ራዳሩ ላይ ለሰዓታት ታፈጣለህ። ይኼ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ይኼ ጎታች ጀልባ ነው፣ ይኼ ነዳጅ ቀጂ ነው እያልክ ነጥቦቹን ትለያለህ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዷ ነጥብ ሳይታሰብ መንገድ ስትቀይር ሬዲዮ ታነሣለህ፣ ፈጣን ጀልባ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መረቡ የተጠላለፈበት ምስኪን አጥማጅ ነው። በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ኤደን ወደብ ውስጥ ነዳጅ ስትቀዳ የነበረችው ኮል የተባለችው የጦር መርከብ 17 ባሕርተኞቿን ያጣችው በሚሳይል አልነበረም፤ ፈንጂ በጫነች በአንዲት ትንሽ ጀልባ ነው። ያቺን ጀልባ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያይ ዐይን ነው ቁም ነገሩ። ያ ዐይን የሚቀመጠው ደግሞ ኮረብታ ላይ ነው። ወደብ የሚጠበቀው ከየብስ ነው።

ሸዋ በር፦
«ወደብ የሚጠበቀው ከየብስ ነው»። ተመስገን፣ ተገላገልን! የብስ እንደሆነ ሞልቶናል።

የገላፊ ሾፌር፦
ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ለካ የባሕር ኃይል ባልደረባ ኖሯል። ወታደራዊ ሰላምታ ሳልሰጠው ስንት ዓመት አለፍኩት!

ጣና ዳር፦
ቀልዱን ተዉትና ኖርፎክ ያልጨረሰውን ልጨርስለት። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ደማምን፣ ጁበይልንና ባሕሬንን እንዲጠብቁ ከተላኩት መካከል የአሜሪካ ጠረፍ ጥበቃ ተጠባባቂዎች ነበሩ። ከየት ተሰባስበው? ከቡፋሎ፣ ከክሊቭላንድና ከሚልዋኪ። ሦስቱም ከተሞች ሐይቅ ዳር እንጂ ውቅያኖስ ዳር አይደሉም። የሐይቅ ሰው የአረብን ወደብ ከጠበቀ የጣና ሰው ምን ይከለክለዋል?

ሸዋ በር፦
ከኢሪና ከሚሺጋን ሐይቆች የተነሣ መርከብ በቅዱስ ሎረንስ ወንዝ አድርጎ አትላንቲክ ይገባል። ከጣና የተነሣ መርከብ ግን ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። መልካም ጉዞ።

ጣና ዳር፦
ስለ መርከብ ማን አወራ? ከየብስ ነው አልተባለም እንዴ?

ሸዋ በር፦
ስንይዛችሁ የብስ ትወጣላችሁ፣ ስንከተላችሁ ውኃ ትገባላችሁ። ጉማሬ ናችሁ?

ጣና ዳር፦
ስድብ ከጀመርክ ክርክሩ አልቆብሃል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ቦሊቪያ ጠረፏን በቺሊ ከተነጠቀች ከመቶ ዓመት በላይ ሆናት፤ ዛሬም ባሕር ኃይል አላት፣ ቲቲካካ ሐይቅ ላይ።

ሸዋ በር፦
ይኼን ሁሉ ዘመን ሐይቅ ላይ ቀዝፋ ባሕሩ ተመለሰላት?

የሲግናል ልጅ፦
ይህ «ከየብስ ነው» የሚለው ቃል ለአንዳንዶቻችን መሳቂያ አይደለም። አባቴ ምጽዋ ነበር። የካቲት 1982 ሻዕቢያ ምጽዋን ሲይዝ ዋናው ጦር የመጣው ከየብስ ነው፤ ፈጣን ጀልባዎቹ በባሕር በኩል አገዙት። ከተማዋን የምታውቁ ታውቃላችሁ፦ ምጽዋ ደሴት ከጥዋለት፣ ጥዋለት ደግሞ ከየብሱ የተገናኙት በውኃ ላይ በተገነባ ቀጭን መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ታንክ ሲመጣብህ ራዳር ምን ያደርግልሃል? ባሕር ኃይሉ ሶቪየት ሠራሽ ፍሪጌት ነበረው፣ ሚሳይል ተኳሽ ጀልባ ነበረው። አባቴ እስኪሞት ድረስ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «እኛ ወደ ውኃው ስናይ በጀርባችን ተገባ»።

ኖርፎክ፦
ነፍሳቸውን ይማር። ይኼ ግን ያልኩትን ያጠነክረዋል። ወደብን የምትይዘውም የምታጣውም ከየብስ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ምጽዋን ለመከላከል መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አስምጠው የወደቡን አፍ ዘጉ። እንግሊዞችና ነጻ ፈረንሳዮች ግን የገቡት በየብስ ነው። በማግሥቱ ዓመት መጥቶ ያን የሰመጠ ብረት ከባሕር ሥር ማውጣት የጀመረው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ማን ነበር? የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን! ተጠባባቂ ማለት ይኼ ነው።

የሲግናል ልጅ፦
የአባቴን ቁስል የክርክርህ ማጠንከሪያ አታድርገው። አንተ «ከየብስ ይጠበቃል» አልክ፤ እኔ «ከየብስ ወደቀ» አልኩ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ባጽዕ፦
አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ኤርትራዊ ነኝ፤ አማርኛችሁን እንደ ራሴ ስለማውቀው ሁሉንም አነበብኩ። ለአንዱ «በጀርባ የተገባ» የሆነው ለእኔ ቤተሰብ ወደ ቤት መመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ላይ ከአየር የወረደውን ቦምብ ግን እዚህ ማንም አላነሣውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ባሕር የሌለው አገር የወደብ ጠባቂ ሲያሠለጥን፣ ባለ ወደቡ ጎረቤት ሌሊቱን ምን እያሰበ ያድራል?

አዋሽ ማዶ፦
ማን ነካችሁ? ራዳር ማንበብ መማር ወረራ ነው? ስለ ባሕር በተነሣ ቁጥር የምትደነግጡት ለምንድን ነው?

ባጽዕ፦
«ከወዲሁ» የሚለው ቃል ነው የሚያስደነግጠኝ። ከምን ወዲህ?

ሸዋ በር፦
ጥሩ ጥያቄ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር በተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ 20 ኪሎ ሜትር ጠረፍ ለ50 ዓመት ተባለ፣ እልልታው ቀለጠ። ዓመት ሳይሞላ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ፤ እሱ ደግሞ የሚያወራው ስለ ንግድ መውጫ ነው፣ ስለ ጦር ሰፈር አይደለም። ስለዚህ አሁንም እጠይቃለሁ፦ የትኛውን ወደብ?

አዋሽ ማዶ፦
የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 90 ባሕር የሌለው አገርም በራሱ ባንዲራ መርከብ ማንሳፈፍ እንደሚችል ይደነግጋል። የንግድ መርከቦች አሉን። ቀይ ባሕር ላይ ከኅዳር 2016 ወዲህ የሆነውን አላየህም? ሁቲዎች መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ሲይዙ?

ሸዋ በር፦
ታዲያ ያንን መርከብ ያዳነው የትኛው የኮረብታ ላይ ራዳር ነው?

የድሮ ባሕርተኛ፦
ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፍቷልና በአንዴ ጽፌ ልውጣ። ባሕር ኃይሉ የተመሠረተው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። ኖርዌያውያን መኮንኖች ናቸው ያስተማሩን፤ ኮሌጁ አሥመራ፣ ሰፈሩ ምጽዋ። ከሁሉ በፊት የተማርኩት መተኮስ አልነበረም፣ መቁጠር ነበር። ንጋት ላይ ከዳህላክ ደሴቶች በኩል የሚመጡትን ሳንቡኮች፣ ማለት ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባዎቹን፣ ትቆጥራለህ። ባዶዋ ሳንቡክ ከፍ ብላ ትወዛወዛለች፤ የተጫነችው ዝቅ ብላ በእርጋታ ትመጣለች። ማለዳ ከፍ ብላ የወጣች ማታ ዝቅ ብላ ከተመለሰች ምን እንደጫነች ትጠይቃለህ። ይኼ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል፦ ሰዓቱ፣ የሸራው ቀለም፣ የባለቤቱ ስም። የአለቃችን መነጽር የአንገት ማሰሪያው በጨው ደርቆ አንገት ይልጥ ነበር፤ እርሱን አንጠልጥሎ አራት ሰዓት መቆም ነው የጠረፍ ቅኝት። መርከብ ይገዛል። በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሸሹ እኔ ያዘንኩት ለእነርሱ አልነበረም፣ ለመዝገቡ ነው።

ስለዚህ ለሸዋ በር፦ ዕውቀቱ ከእኛ ጋር እየተቀበረ ነው፣ መሳቅህ አይገባም። ለአዋሽ ማዶ ደግሞ፦ ተጠባባቂ የሚቆመው ከመደበኛው ጀርባ ነው። መደበኛው የት አለና? በየቀኑ የሚቆጠር ሳንቡክ በሌለበት መቁጠር አይለመድም።

ጣና ዳር፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ታዲያ አሁን ይጀመር ነው ወይስ ይቅር ነው የሚሉት?

የድሮ ባሕርተኛ፦
ሁለቱንም አላልኩም። ሌላው ቢቀር በሕይወት ያለነውን ጠይቁንና ጻፉት።

ሸዋ በር፦
ጋሼን አከብራለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ያ ባሕር ኃይል የንጉሡ ሰልፍ ማሳመሪያ ነበር። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ እንኳ በየዓመቱ ለባሕር ኃይል ቀን ቀለም እየተቀባች የምትታይ ጌጥ ነበረች።

የድሮ ባሕርተኛ፦
ጌጥ? ከ1,700 ቶን የማታንስ፣ አሜሪካኖች ለባሕር አውሮፕላን አገልጋይነት የሠሯት፣ በ1962 እ.ኤ.አ. የተረከብናት የማሠልጠኛ መርከብ ናት። ወለሏን በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈግፍጌያለሁ። ጌጥ እንደዚያ አይፈገፈግም። ምክትል አዛዣችን ልዑል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከስልሳዎቹ ጋር ያለ ፍርድ ተረሸነ። እርሱንም ጌጥ በለው።

አዋሽ ማዶ፦
ሸዋ በር ይቅርታ ጠይቅ።

ሸዋ በር፦
ስለ መርከቧ እንጂ ስለ ሰው አልተናገርኩም። ጋሼ ካዘኑብኝ ይቅርታ። መርከቧ ግን መጨረሻዋ ቁርጥራጭ ብረት ሆና መሸጥ ነው፤ ይኼም ሐቅ ነው።

የሲግናል ልጅ፦
«ይቅርታ… ግን»። አባቴ ቢኖር ይኼንንም በመዝገብ ያሰፍረው ነበር።

ኖርፎክ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ጅቡቲ ተልኬ ነበር። የእኛ ክፍል ሥራው ወደብ የሚገቡ የጦር መርከቦችን በፈጣን ጀልባ ማጀብ ነው። አንድ ሌሊት አንድ የስንዴ መርከብ አጠገብ ስናልፍ ከወደቡ ዳርቻ ሰዎች በአማርኛ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ፤ ሾፌሮች ነበሩ፣ ስለ ወረፋ። የአገሬን እህል የሚያራግፈውን ወደብ የሌላ አገር ልብስ ለብሼ እጠብቃለሁ። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ለዚህ ነው ሬዲዮ ላይ የተባለው ነገር ያላሳቀኝ።

ሸዋ በር፦
ስሜትህ ገባኝ። የሚከነክን ነገር ግን በጀት አይሆንም።

የገላፊ ሾፌር፦
ኖርፎክ፣ ቆይ እስቲ። ሌሊት መርከብ ሥር ስንጭን፣ ከውኃው በኩል ጀልባ ላይ ሆናችሁ ያንን ትልቅ መብራት ዐይናችን ላይ የምታበሩት እናንተ ናችሁ?

ኖርፎክ፦
ጀልባው የማን እንደነበር በምን አውቃለሁ? እኛም እናበራ ነበር፤ የመመሪያው አካል ነው።

የገላፊ ሾፌር፦
እኛ ላይ ለምን? የየብስ ሰዎች ነን እኮ። አንድ ሌሊት በዚያ መብራት ታውሬ የኋላ ማርሽ ሳስገባ የሰው ተሳቢ ገጭቻለሁ። ሦስት ሺህ ብር ከኪሴ ነው የወጣው።

አዋሽ ማዶ፦
በየትኛው ዓመት?

የገላፊ ሾፌር፦
ዓመቱን ምን ያደርግልሃል፣ ልትከፍልልኝ ነው?