ስልክ መጠጥ ያስቀንሳል ወይ?

ጠያቂ፦ ታናሽ ወንድሜ ግቢ ከገባ ወዲህ መጠጥ ጀምሯል። ዓርብ ማታ ይወጣል፣ ቅዳሜ የሚነሳው እኩለ ቀን ላይ ነው። የሚጠጡትን እየመዘገበ «ይበቃሃል» የሚል አፕ እንዳለ ሰማሁ። ጤና ሚኒስቴር ወይም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን በአማርኛ ቢያሠሩ ይጠቅማል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

የግሮሰሪ ሠራተኛ፦ ማባከን ነው። አራት ዓመት ግሮሰሪ ሠርቻለሁ። አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ዙር ያዛል፣ ቀጣዩ «እኔስ ለምን እቀራለሁ» ብሎ ይደግማል፣ ሁሉም ጋብዘው እስኪጨርሱ በነፍስ ወከፍ አምስት አምስት ቢራ ወረደ ማለት ነው። ሁለት ጠጥቶ ሊሄድ የመጣው ልጅ በምን አፉ ይነሳ? ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥ እኮ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ተከልክሏል። መታወቂያ ሲጠየቅ ግን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ እሱ ይከበር።

ነርስ፦ የዙሩ ነገር እውነት ነው። ግን እኛ ጋ «መጠጥ በዝቶብኛል፣ አማክሩኝ» ብሎ የሚመጣ ወጣት የለም። የሚመጣው ተፈንክቶ ነው ወይ ከሞተር ወድቆ። ስንት ጠጣህ ስትሉት «ትንሽ ነው» ይላል፤ እናቱ አጠገቡ ቆማለች፣ ምን ይበል? ስልክ ላይ ማንም አያየውም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል መጠይቅ አለ፣ 10 ጥያቄ ነው፣ ነጥቡ እስከ 40 ይሄዳል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አጠጣጡ ያሰጋል ማለት ነው። ይህን ስም የማይጠይቅ የቴሌግራም ቦት ማድረግ ይቻላል።

የቀነሰ ሰው፦ እኔ አፕ የሚባል አልነበረኝም። ስልኬ ማስታወሻ ላይ ያዘዝኩትን ከነዋጋው እጽፍ ነበር። በወሩ መጨረሻ ስደምረው የቤት ኪራዬን ግማሽ ሆኖ አገኘሁት። የተሳሳትኩ መስሎኝ እንደገና ደመርኩ። ያው ነው። የሚገርመው ደግሞ በየምሽቱ ከሦስተኛው ጠርሙስ በኋላ ምንም አልተጻፈም፤ ስለዚህ ያ ሂሳብ ራሱ ሙሉ አልነበረም። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

የግሮሰሪ ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ግን ራስህ አልከው እኮ፣ ከሦስተኛው በኋላ አልጻፍክም። አፑም እዚያው ላይ ነው የሚቀረው።

የቀነሰ ሰው፦ ልክ ነህ፣ ማታ አያቆምም። እኔን የያዘኝ ጠዋት ላይ የጻፍኩትን ሳየው ነው።

የፋርማሲ ተማሪ፦ የውጭውን እንዳለ ማምጣት ግን አይሠራም። የለንደኑ ዩሲኤል ተመራማሪዎች ያሠሩት ድሪንክ ሌስ የሚባል አፕ አለ። የእንግሊዝ አቆጣጠር በዩኒት ነው፣ አንዱ ዩኒት 8 ግራም ንጹህ አልኮል ማለት ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል፣ እሱን ማስላት ቀላል ነው። ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ የሚጠጣውስ? አረቄማ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ከየአካባቢው ናሙና ተወስዶ ካልተለካ ልጁ ሦስት መለኪያ ጠጥቶ «ትንሽ ነው» የሚል መልስ ይደርሰዋል፣ ይህ ደግሞ ጭራሽ ጉዳት ነው።

ነርስ፦ እውነት ነው፣ ይህን አላሰብኩትም። እንግዲያው በመጠይቁ ይጀመርና ቆጠራው ከተለካ በኋላ ይምጣ። ነጥቡ ከፍ ያለ ልጅ ግን ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት መቅረት የለበትም፣ የሚያናግረው ሰው ስልክ ይሰጠው። በየቀኑ የሚጠጣ ደግሞ አፕ አይቶ በአንድ ጊዜ አያቁም። መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ ሊያመጣበት ይችላል፣ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የግሮሰሪ ሠራተኛ፦ የሚያናግረው ሰው ካለ እኔም እስማማለሁ። የመታወቂያውን ነገር ግን አልለቅም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ቅዳሜ ቤት ይመጣል። አሥሩን ጥያቄ መጀመሪያ እኔ ፊቱ እሞላለሁ፣ ከዚያ ስልኩን አቀብለዋለሁ።